ቀን የሌለው ሜዳ



የደብረ ታቦር ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ፣ እዚሁ ይኑር አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ፣ ከቤቱ አስቀድሞ ሜዳውን ይጠራል። ሩር የተመታበትን፣ የጨርቅ ኳስ የተለጋበትን፣ የቡሄ ጅራፍ የጮኸበትን፣ አጋምና ቀጋ የተለቀመበትን ቦታ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ በኋላ የሚከተለውም የታወቀ ነው፤ «አሁንማ ቤት በቅሎበታል»፣ «አሁንማ ባሕር ዛፍ ውጦታል»፣ «አሁንማ ታጥሯል»። ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬ የማቀርበው ሙግት ይህ ወሬ ቡና ላይ ማለቅ የለበትም የሚል ነው። እንዲህ ያለው ትዝታ የምስክር ቃል ነው። የት እንደተጫወቱ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደነበረ፣ ማን ይጠቀምበት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የሚሰጠው ቃል በሌላው የመሬት ክርክር ሁሉ ዋጋ አለው። የሕዝብ ሜዳ ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ዋጋ ያጣል?

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። በደቡብ ጎንደር ደጋ የተረፉትንና የጠፉትን ክፍት ቦታዎች ጎን ለጎን ስናይ አንድ ሥርዓት ይታያል። የተረፈው በታወቀ ቀን የታወቀ ሕዝብ የሚመጣበት ቦታ ነው። የጠፋው ደግሞ ሰው በየዕለቱ የሚጠቀምበት፣ ነገር ግን ተሰብስቦ «የእኛ ነው» የሚልበት ቀን የሌለው ቦታ ነው። የልጆች መጫወቻ የሚመደበው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ልጆች ማኅበር የላቸውም፣ ማመልከቻ አይጽፉም፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ደጅ አይጠኑም፤ ሲያድጉም ሜዳውን ለታናናሾቻቸው ትተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለዚያ ቦታ ያለው ብቸኛ ሰነድ ያደጉት ሰዎች ትዝታ ነው። ያንን ትዝታ መዝግበን ሕጋዊ መሠረት ካልሰጠነው፣ ነገ የምንሠራው መናፈሻ ምንም ያህል ቢያምር የጠፋውን አይተካም።

መናፈሻ ሲባል ብዙ ጊዜ በዐይናችን የሚመጣው አጥር፣ የተከረከመ ሣር፣ አግዳሚ ወንበርና የመግቢያ በር ነው። ደብረ ታቦር በዚህ መልክ የተሠራች ከተማ አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ከተቀመጡባት ጀምሮ ራስ ዐሊ፣ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በየተራ የከተሙባት፣ ሠራዊት የሚሰፍርባትና የሚነሣባት ቦታ ነበረች። ድንኳን የሚተክል፣ ፈረስ የሚያግድ፣ ግብር የሚበላ ሠራዊት ሰፊ ገላጣ ይፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከተማዋን አቃጥለው፣ ጋፋት ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ ቤቶቹ አመድ ሆኑ፤ ሜዳ ግን አይቃጠልም። ከተማዋ እንደገና ስትቆም የቆመችው በነዚያው ገላጣዎች ዙሪያ ነው። በአዲስ አበባ ከተለመደው የመናፈሻ አሠራር በፊት እዚህ ሕዝብ የሚተነፍስባቸው ሦስት ዐይነት ቦታዎች ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንደኛው የበዓል ሜዳ ነው፤ እንደ አጅባር ያለው፣ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ጥር 25 በመርቆሬዎስ ዕለት የፈረስ ጉግስ የሚታይበት። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ሦስተኛው ስም የሌለው ነው፤ በማሳና በደን መካከል የቀረ ቁጥቋጦ፣ የወል ግጦሽ፣ የወንዝ ዳር፣ ከሰፈር ጀርባ ያለ ተዳፋት።

ልጆች ሦስቱንም ይጠቀሙባቸው ነበር፤ አጠቃቀማቸው ግን ይለያያል። የበዓሉን ሜዳ ታላላቆች በዓመት ጥቂት ቀን ይይዙታል፣ የቀረውን ዓመት ልጆች ይወርሱታል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥላና ጸጥታ ይሰጣል፣ የቆሎ ተማሪውም ጎጆውን እዚያው አጠገብ ይቀልሳል፤ እንደ ልብ ግን አይጮኽበትም፣ ቅርንጫፍም አይሰበርበትም። እንደ ልብ የሚሆንበት ቦታ ሦስተኛው ነው። እረኛው ከብቱን አሰማርቶ ብይ የሚጫወትበት፣ እንጆሪና ኮሽም የሚለቀምበት፣ ለመስቀል አደይ የሚቀነጠስበት፣ ለቡሄ ጅራፍ እየተገመደ የሚሞከርበት እሱ ነው። የገና ጨዋታም የዓመቱን የእርሻ ሥርዓት ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው ማሳ ታጭዶ ገለባው በቀረበት ሰሞን ሩር የሚከተሉ ጎረምሶች የማንንም ሰብል ሳይረግጡ መንደር ለመንደር ይገጥማሉ። የጨዋታው መሬት በክረምት ይጠባል፣ በበጋ ይሰፋል ማለት ነው። ከተማ ውስጥም ሆነ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ሥርዓት ሳይማረው ያውቀዋል። ይህ ሦስተኛው ዐይነት ቦታ ነው ዛሬ ሊጠፋ የተቃረበው።

ለዚህ የምጠራው የመጀመሪያው ምስክር ትዝታ አይደለም፣ ፎቶግራፍ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ደጋ ከአውሮፕላን አንሥተውት ነበር። የጂኦግራፊና የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎች እነዚያን ምስሎች ከ2015ቱ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደኖች በነዚያ 77 ዓመታት ውስጥ ስፋታቸውን በአብዛኛው እንደጠበቁ፣ አንዳንዶቹም እንደሰፉ አሳይተዋል። በመካከሉ ጦርነት፣ ድርቅ፣ አብዮትና የመሬት አዋጅ አልፏል። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። ቀድሞ ከደኑ ወደ ማሳው በቁጥቋጦ እየሳሳ ይወርድ የነበረው ዳር ተመንጥሮ፣ አሁን ደኑ እንደ ደሴት በእርሻ ተከቦ ይታያል፤ ከሰፋውም የተወሰነው በባሕር ዛፍ የሰፋ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው «አጋም የምንለቅምበት ጠፋ» ሲል የሚናገረው ከዚህ ጥናት ጋር ይገጥማል። የጠፋው ደኑ ነው አላለም፤ ዳሩ ነው ያለው። የአየር ፎቶውም የሚለው ይህንኑ ነው። ልጅነቱን የሚያስታውስ ሰውና ካሜራው ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሰጥተዋል።

ደኖቹ የያዙት ሀብት ቀላል እንዳልሆነም ልብ በሉ። «እመጓ» የተባለውን መጽሐፍ በመጻፋቸው ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ዋንዛው ከእርሻው ላይ ሲጠፋ እዚያ ተጠልሏል። እዚህ ላይ አንድ ሰው «ደኑን ያተረፈው ቀን ሳይሆን መቀደሱ ነው» ሊለኝ ይችላል። መቀደሱ ዋናው ምክንያት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ቅድስና በራሱ መጥረቢያ አይመልስም፤ የሚመልሰው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በየወሩ የሚሰበሰብበት ዝክር፣ በዓመት የሚነግሥበት ዕለት፣ ሙታኑን የሚቀብርበት ቦታ ያለው ምእመን አለው። ያ ምእመን ቢያንስ በወር አንድ ቀን መጥቶ የተቆረጠውን ያያል። እንደ ዣራ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ከብት እንዳይገባ ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ ደኑን ዙሪያውን ያጠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ የነበረው ቁጥቋጦ ከዚያው ከተቀደሰ ቦታ ሥር ነበር፤ መጥቶ የሚያየው ጉባኤ ስላልነበረው አልተረፈም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአዲስ አበባ ይምጣ፤ ጃን ሜዳ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሠልፍ፣ የፈረስ እሽቅድምድም፣ አገር አቋራጭ ሩጫና ጥምቀት ያየ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጭነት መኪናና ጭቃ ሜዳውን ሞሉት። በአገራችን ጊዜያዊ ተብሎ የገባ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። እዚህ ግን የ2013ቱ ጥምቀት ቀን ቆርጦ ይመጣ ነበር፤ ታቦታቱ የሚያድሩበት ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ በዓሉም ተከበረ። በዚያው ሜዳ በየዕለቱ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችና ማለዳ የሚሮጡ ጎልማሶችም ሜዳቸውን መልሰው አገኙ። ልጆቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ገበያውን ያስነሡት ነበር? እኔ አይመስለኝም። ያዳናቸው የማይሻር ቀን ያለው ጎረቤታቸው፣ በዓሉ ነው። አጅባርም ዛሬ ሜዳ ሆኖ የቆየው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ቀን የሌላቸው ቦታዎች እንዴት እንደሚጠፉ እንይ። በ1987ቱ ቆጠራ ደብረ ታቦር 22,455 ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 55,596 ሆነ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ አስፋልት ዘልቋል፣ ከተማዋ በፋርጣ ወረዳ መሬት ላይ ወደየአቅጣጫው ተለጥጣለች። ከተማ ሲሰፋ የገጠር መሬት ወደ ከተማ ይካለላል፤ በዚህ መካለል ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው የሕግ ክፍተት አለ። የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ የወል ይዞታ የሚባል ነገር ያውቃል፤ ለግጦሽ፣ ለደንና ለሌላ ማኅበራዊ አገልግሎት የአካባቢው ነዋሪ በጋራ የሚጠቀምበት መሬት። የአማራ ክልል ሕግም ይህንኑ ይቀበላል። መሬቱ ወደ ከተማ ሲገባ ግን የሚተዳደረው በሊዝ ሕግ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሬት የሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች ጨረታና ምደባ እንደሆኑ ይደነግጋል። በዚህ ሽግግር ገበሬው ለማሳው ካሣ ይቆጠርለታል፣ የቤቱ ባለቤትም እንዲሁ። የወሉ ሜዳ ላይ ይጫወት የነበረው ልጅ ግን ስሙ የትም የለም። ቦታው «ባዶ መሬት» ተብሎ ይመዘገባል። ባዶ የተባለ መሬት ደግሞ ባዶ ሆኖ አያድርም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ተቃውሞ ልስማ። «ትዝታ ይዋሻል» ይባላል። ሁሉም ሰው የልጅነቱን ሣር ከዛሬው ይልቅ አረንጓዴ፣ የልጅነቱን ፀሐይ ከዛሬው ይልቅ ለስላሳ አድርጎ ያያል። ተቃውሞው ከፊሉ እውነት ነው። ሴቶች የሚያስታውሱት ሜዳ ወንዶች ከሚያስታውሱት ጋር አንድ አይደለም፤ ወንድሟ ገና ሲመታ እሷ ውኃ ትቀዳ ነበር። የሀብታምና የድኻ ልጅ፣ የእረኛና የተማሪ ትዝታም ይለያያል። ነገር ግን ትዝታ የሚዋሸው በአንድ በኩል ነው። ስለ ደስታው መጠን ይዋሻል፤ ስለ ቦታው ወሰን ግን በቀላሉ አይዋሽም። ኳሱ ወጣ የሚባለው የት ጋ ሲደርስ እንደሆነ፣ የማን አጥር ሲነካ ቁጣ እንደሚመጣ፣ የትኛው ቋጥኝ ጎል እንደነበር ብዙ ሰው አንድ ዐይነት መልስ ይሰጣል። ልዩነቱም ቢሆን ጥቅም አለው። ሴቶች ምንጩንና የውኃ መንገዱን፣ እረኞች ግጦሹን፣ ተማሪዎች ገላጣውን ይነግሩናል፤ ሲደመሩ የአንድ ሰፈር ሙሉ ካርታ ይሆናሉ። ፍርድ ቤትም የምስክሮችን ቃል ያመሳክራል። እኛም የምንጠይቀው ማመሳከርን ነው፤ የአረጋዊውን ቃል ከአየር ፎቶው፣ የአየር ፎቶውን ከወጣቱ ቃል ጋር።

ይህ እንግዳ ሐሳብ እንዳልሆነ ለማሳየት የእንግሊዝን ሕግ ልጥቀስ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ1965ቱና የ2006ቱ የወል መሬት ሕጎች አንድ አስገራሚ በር ከፍተዋል። የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ከፍ ያለ ቁጥር ያላቸው ሆነው፣ ፈቃድ ሳይለምኑና በኃይል ሳይገቡ፣ ቢያንስ ለ20 ዓመት በአንድ መሬት ላይ ሲጫወቱና ሲናፈሱ እንደኖሩ ካስረዱ፣ መሬቱ የሕዝብ ሜዳ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ማስረጃው ምን ይመስላችኋል? በአብዛኛው የነዋሪዎች የጽሑፍ ቃል ነው፤ «በልጅነቴ እዚህ እጫወት ነበር፣ ልጆቼም እዚህ ይጫወታሉ» የሚል። ከዚያው አገር የምንማረው ጥንቃቄም አለ። ሰዎች ግንባታ ለማደናቀፍ ብቻ ሜዳ ያስመዘግባሉ የሚል ቅሬታ ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሕግ አስቀድሞ በፕላን ለልማት በተያዘ መሬት ላይ ይህን መብት ገድቦታል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ምዝገባው ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት መካሄድ አለበት። ዘግይቶ የመጣ ትዝታ ክርክር ይሆናል፣ ቀድሞ የመጣ ትዝታ ፕላን ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤት ፈላጊው ወጣት ይመጣል፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። «ተከራይቼ ስንገላታ አንተ ስለ ብይና ስለ ጅራፍ ታወራለህ» ቢለኝ ልቆጣ አልችልም። ነገር ግን የቤት ችግር የሚፈታው በመጫወቻ ሜዳ ላይ በመሥራት አለመሆኑን አገራችን ራሷ ባወጣችው መለኪያ አምናለች። የከተማ አረንጓዴ መሠረተ ልማት መለኪያው ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይጠይቃል። የኔ ሐሳብ በዚህ 30 በመቶ ላይ አንድ ክንድ አይጨምርም፤ የሚለው ሠላሳ በመቶው የት እንደሚሆን ሕዝቡን ጠይቁ ነው። ፕላን ነዳፊው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ካልጠየቀ አረንጓዴውን ቀለም የሚቀባው ሌላ ነገር ሊሠራበት በማይቻል ገደልና ጎርፍ መውረጃ ላይ ነው። በወረቀት 30 በመቶው ይሞላል፣ ልጆች ግን ገደል ላይ ኳስ አይጫወቱም። ወጣቱም ነገ ወላጅ ይሆናል፤ ያገኘው ቤት ልጁን የሚያወጣበት ደጅ ከሌለው ግማሽ ቤት ነው ያገኘው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዛሬ በየከተማው የምናየው ነው፤ «ያረጀውን ሜዳ ትታችሁ ዘመናዊ መናፈሻ አትሠሩም?» የሚል። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተከፈተ፣ እንጦጦና ወዳጅነት ተከተሉ፣ የኮሪደር ልማቱም ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ብዙ የታፈነ ቦታ ለዐይን ተከፍቷልና ይህን አላጣጥልም። ነገር ግን ልዩነቱን እንወቀው። አንድነት ፓርክ የሚገባው በክፍያ ነው፤ ጎብኝ ሲበዛ ይጠቅመዋል። የሰፈር ሜዳ ደግሞ ልጅ በባዶ እግሩ፣ ሳንቲም ሳይዝ፣ እናቱ ከደጅ ስትጣራ የሚሰማበት ርቀት ላይ ካልሆነ ጥቅሙ ይቀራል። ሣሩ ላይ አትርገጡ የሚል ሰሌዳ ያለበት ቦታ ለጎልማሳ ዕረፍት ይሆን እንጂ ለልጅ ጨዋታ አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት ያረጋግጣል፤ ለዚህ መብት መሟላት የተከረከመ አጥር ግድ አይደለም፣ ክፍት መሬት ግን ግድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን እናስታርቅ፤ አንድ ትልቅ መናፈሻ ከተማዋን ያሳምር፣ ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች ደግሞ ልጆቿን ያሳድጉ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም፤ ገንዘቡ ሁሉ ለአንዱ ከዋለ ግን ያስቀራል።

አራተኛው ተቃውሞ «የሁሉም የሆነ የማንም አይደለም» ይላል። ክፍት የተተወ ሜዳ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ ከብት ይግጠዋል፣ አንዱ ነቅቶ በሌሊት ያጥረዋል። መልሱ በራሱ በክልላችን አለ። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ መሬት ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በታወቀ ጊዜ ይከፈታል፣ ያለፈ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቄሮውን ሲያፈርሰው ጓሳው ተጎዳ። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም፤ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴ እንደገና ያዙት፣ በኋላም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ቄሮው የራሱ ጉድለት ነበረው፤ መብቱ ለሁለት ቀደምት አባቶች፣ ለአስቦና ለጌራ፣ ዘር የተወሰነ ስለነበር ሌላውን ያገልል ነበር። ትምህርቱ ግን ይቆማል። የወል ቦታ የሚጠፋው የወል ስለሆነ አይደለም፤ ተጠቃሚው፣ ወሰኑና ደንቡ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሕጋችንም ይህን ቀስ በቀስ እየተማረ ነው፤ የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን ደን በስሙ ጠርቶ ዕውቅና ሰጥቶታል። በመሬት ላይ የነበረው ሥርዓት ወደ ወረቀት የመጣው ከዘገየ በኋላ ነው፤ የከተማ ሜዳ ግን እስካሁን አልመጣም።

የመጨረሻው ተቃውሞ በለሆሳስ የሚነገር ነው። «የበዓል ሜዳ ለአንድ ሃይማኖት ነው፤ እሱን መናፈሻ ብሎ መመዝገብ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል» ይባላል። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አገር ቅርሱን ለመጠበቅ ቃል ስትገባ የሚከበርበትንም ቦታ ለመጠበቅ ቃል ገብታለች። ሙስሊም ወገኖቻችንም ዒድን በጋራ ለመስገድ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋሉ፣ ልጆቻቸውም የትም ሰፈር ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ኳስ ነው የሚለጉት። ስለዚህ የሚመዘገበው ባለቤትነት መሆን የለበትም፤ አጠቃቀም ይሁን። በዚህ ቦታ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን እንደሚመጣ ተጽፎ፣ የቀሩት ቀናት ለልጆችና ለሰፈሩ ሁሉ ክፍት እንደሆኑ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን በዓሉ የሚጠብቀው ሜዳ ለልጆቹም ይሆናል፤ ጃን ሜዳ ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከተማዋ የሚቀጥለውን መዋቅራዊ ፕላን ከማጽደቋ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ የክፍት ቦታ መዝገብ ይክፈት። በመዝገቡ ለያንዳንዱ ሜዳ ቢያንስ በዕድሜ የተራራቁ ሦስት ምስክሮች፣ ከነሱም ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ወሰኑን ቦታው ላይ ቆመው ያሳዩ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቃሉን በድምፅ ይቅረጹ፣ በካርታ ላይ ያሳርፉ፣ ከድሮና ከዛሬ የአየር ምስሎች ጋር ያመሳክሩ፤ ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍም የሚበቃ ሥራ ነው። የተመሳከረው ዝርዝር ለከተማው ምክር ቤት ቀርቦ በአጠቃቀም መብት ይጽደቅ፣ ወሰኑም በድንጋይ ይተከል። በወረታ መንገድ ላይ ያለውን የዓለም ሳጋን ደን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ርብና ጉማራን የሚያፈልቀውን ጉናን የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ከሰፈር ጀርባ ያለውን አንድ ቁራሽ መሬት የሚጠብቅ ግን ማንም የለም። ለዚያ ደግሞ ቀን እንስጠው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 በየቤቱ ሙልሙል የሚጋገርበት፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት፣ ከተማዋም በስሙ የምትጠራበት ዕለት ነው። በዚያ ሰሞን በየዓመቱ እያንዳንዱ ቀበሌ ሜዳውን ዞሮ ይቁጠር፣ የተገፋ ድንጋይ ይመልስ፣ የተደፋ ቆሻሻ ያንሣ። ወጪው ትንሽ ነው። የልጆች ሜዳ የጎደለው አስታዋሽ ቀን ነበር፤ ቀኑን እኛ መስጠት እንችላለን፣ የመስጠቱም ሥልጣን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ባሉ የምክር ቤት አባላት፣ የቀበሌ ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና መምህራን እጅ ነው። ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ደግሞ አሁን እንድትናገሩ እጋብዛለሁ፤ ክርክሩ ከፕላኑ ይቅደም።